የማይምሉ ሰዎች ልጅ

ሦስት ቃል ብቻ ነው የጻፈችለት። «አልወድህም። እባክህ አትምጣ።» ወረቀቱን አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ ፒያኖ ቃኚው በሚሠራበት ክፍል በር ሥር አሾልካው ከተመለሰች ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። በምትሠራበት የመነጽር ሱቅ የአንዱን ደንበኛ መነጽር ለሌላው አስረክባ፣ ምስኪኑ ሽማግሌ አንዱን ደረጃ ሁለት እያየ ሲወርድ ተንከባሎ ሊያልቅለት ነበር። የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ልቧ ቀድሟት ብድግ ይላል። የሚገባው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያምናት ፈልጋ አልነበረም የጻፈችው። ወረቀቱን ጨብጦ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ደንበኛ ፊት ቆሞ «ይሄ ምንድን ነው? ማነው ያስጻፈሽ?» ብሎ እንዲጮህባት ነበር ልቧ በስውር የጠበቀው። ሌላ ልጅ ጽፋለት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ያደርግ ነበር። የሌላ ልጅ «አልወድህም» ኩርፊያ ሊሆን ይችላል፣ ፈተና ሊሆን ይችላል፣ ወይም የእናት ግፊት። እሷ ግን የማይዋሹ ሰዎች ልጅ ናት። የጻፈችውን አነበበ፣ አመነ፣ በቃ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከብዕር የወጣውማ የት ድረስ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ጉባኤያቸውን የሰፈሩ ሰው «የማይምሉት» ይለዋል። ትልቅ ጉባኤ አይደለም፤ በነጭ ቀለም የተቀባች አንዲት አዳራሽ፣ መደገፊያ ያላቸው የእንጨት አግዳሚዎች፣ መሃል ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ይኸው ነው። ሥዕል የለም፣ ሻማ የለም፣ የሙዚቃ መሣሪያ የለም፤ የሚዘምሩት ፈጣሪ በሰጣቸው ጉሮሮ ብቻ ነው። አይምሉም። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ እንኳ እጃቸውን አያነሱም። አዎ ካሉ አዎ ነው፣ አይደለም ካሉ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ከክፉው ነው ብለው ያምናሉ። በየሦስት ወሩ ደግሞ የጌታን ማዕድ ይቆርሳሉ። መጀመሪያ ወንዱ የወንዱን፣ ሴቷ የሴቷን እግር ታጥባለች። ከዚያ የተቆረሰው ዳቦ በሳህን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከሰው የተጣላ ሰው አይበላም፤ ሳህኑን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይጠይቅም።

አባቷ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ሥራው በገበያው እየዞረ የነጋዴዎችን ሚዛን መፈተሽ ስለሆነ ከተማው «ጋሽ ሚዛን» ብሎ ስም አውጥቶለታል። የአንድ ግራም ማጭበርበር አያልፍም። «ጋሽ ሚዛን የገዛ ልጁን ቢመዝን የጫማዋን ክብደት ቀንሶ ነው» እያሉ ነጋዴዎቹ ይቀልዱበታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአክስቷ ጋር ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በሕይወቷም አንድ ቀን እንኳ ዋሽቷት አያውቅም።

ይህ ሰው ባለፉት ሁለት ማዕዶች ሳህኑን ሳይበላ አሳለፈ።

ምክንያቱን ከሷ በቀር ማንም አያውቅም። ፒያኖ ቃኚው መጀመሪያ ወደ ሱቋ የመጣው የመነጽሩ እግር ወልቆ ነበር። ጠገነችለት። በሳምንቱ ያው ብሎን ላላ ብሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንትም እንዲሁ። በአምስተኛው ሳምንት ብሎኑን በራሱ ጥፍር እየፈታ እንደሚመጣ ገባት፤ ጥፍሩ ላይ ጭረት አይታለች። ምንም አላለችውም። ብሎኑን አጠበቀች፣ መነጽሩን በራሷ እጅ ዓይኑ ላይ አደረገችለትና እጇን ለማውረድ ትንሽ ዘገየች። ነገራቸው የተጀመረው በዚያች መዘግየት ነው።

ወራት ቆይቶ የተዋሰውን ኮት ለብሶ አባቷ ዘንድ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አክብሮቱን ለማሳየት የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ ጉድ ያፈላውም ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት፣ ልጅዎን ከልቤ ነው የምወዳት። አባቴ ይሙት፣ ለክፉ አስቤ አላውቅም። እናቴ ትሙት ስልዎት፣ አንድ ቀን እንኳ…»

ጋሽ ሚዛን እስኪጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጠው። ከዚያ «ልጄ፣ በአንድ ቁጭታ እናትህን ስድስት ጊዜ፣ አባትህን ሦስት ጊዜ ገደልክብኝ» አለው። «ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ ኖሬያለሁ። ሚዛኑ ልክ የሆነ ነጋዴ አይምልም። የሚምለው ሚዛኑን የነካካ ነው። ውሸታም ነህ። ውጣ።»

በነሱ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ልጁ ተነስቶ ወጣ፤ በሩን እንኳ አላጋጨውም። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሆዷን በሆዷ ያዘች። አባቷም በስድቡ መጸጸት ስላልቻለ፣ ባልተጸጸተበትም ነገር ተጸጸትኩ ብሎ መብላት ስለማይችል፣ ማዕድ በመጣ ቁጥር ሳህኑን አሳለፈ።

«ሦስተኛውን ካሳለፈ ሽምግልናውን ማስረከቡ ነው» አለቻት አክስቷ አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፉ። «ደንቡ ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለበትን ወንበር ለማን ብሎ እንደሚለቅ እኔ ባላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ ይመስለኛል።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችና አክስቷ ትራስ ልብሱን አራግፋ አጠፈችው።

ሦስቱን ቃል የጻፈችው በማግስቱ ነው። ሰውየው ከሄደ ጥሉም አብሮት ይሄዳል፣ አባቷም ይበላል ብላ አሰበች። አስተሳሰቧ የልጅ ነበር፤ የተጎዳችበት ግን የትልቅ ሰው ጉዳት ነው።

* * *

የሦስተኛው ማዕድ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። የውኃው ሳህኖች ወጡ፣ ፎጣዎቹ ተዘረጉ፣ ጫማ ሁሉ ከአግዳሚዎቹ ሥር ገባ። አክስቷ እግሯን አጠበቻትና ጣቶቿን አንድ በአንድ እያደረቀች ቀና ብላ አየቻት።

«ከስተሻል» አለቻት በሹክሹክታ። «እግር ሲከሳ አይቼ አላውቅም ነበር።»

ሰብሳቢው ሽማግሌ በዳቦው ላይ ጸልዮ ሊቆርስ እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ሚዛን ከፊት አግዳሚው ተነሳ። ጫማውን አድርጓል። ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ያልታረቅሁት ሰው አለ» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። «ከሳሽ የለብኝም፣ ራሴ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ እሱ ወደኔ እንዲመጣ ጠበቅሁ። የበደልኩት ግን እኔ ነኝ። ሄጄ ልፈልገው። እባካችሁ ጠብቁኝ።»

«እንጠብቃለን» አለ ሰብሳቢው። ዳቦው ላይ ነጭ ጨርቅ አለበሰ፤ ጉባኤው ተቀመጠ።

አንድ ሰው ሊታረቅ ከወጣ ማዕዱ ይቆያል፤ ማንም ቤቱ አይሄድም፣ ማንም አያወራም። ለሷ ግን ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ዝምታ ኖሮ አያውቅም። አባቷ ወዴት እንደሄደ ገብቷታል። ከሱ ጋር ሲነጋገሩ ምን ይባባላሉ? ወረቀቱን ቢያሳየውስ? ከተማ ውስጥ ባይኖርስ? ግራ እግሯን በቀኟ ላይ፣ ቀኟን በግራዋ ላይ አነባበረች። የፎጣውን ጠርዝ ክር መዘዘች፣ መልሳ አጠቀለለች። ዓይኗ ደጅ ደጁን ያያል።

«ምነው፣ መርፌ ላይ ተቀመጥሽ እንዴ?» አለች አክስቷ በሹክሹክታ።

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ሰው ፎጣ አይተረትርም። ስጪኝ።» ፎጣውን ከእጇ ነጠቀቻት።

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል። ከኋላ አንዲት ሕፃን አልቅሳ ዝም አለች። ልጅቷ በልቧ አንድ ነገር ብቻ ስትደጋግም ራሷን አገኘችው፤ አትሂድ፣ አትሂድ፣ አትሂድ። ጸሎት ይሁን ልመና ራሷም አላወቀችውም።

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሚዛን ብቻውን ነው፤ ፊቱ ግን ሰባት ወር ያላየችው ፊት ነበር። ፈገግ ብሏል።

«ታረቅን» አለ ገና መሃል ሳይደርስ። «ክፍሉን ዘግቶ ነበር፤ ጎረቤቱ ለቆ መሄዱ ነው ስትለኝ አውቶቡስ ጣቢያ ሄጄ አገኘሁት። ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል። ውሸታም ብዬሃለሁና ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር ብሎኛል፤ እጄንም ጨበጠኝ።» ላቡን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ፣ ሸክሙ የወረደለት ሰው እንደሚያደርገው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ተናገረ። «ለካስ በከንቱ ነው የታገልኩት። ልጄ ራሷ አልወድህም ብላ ጽፋለት ኖሯል። ‹የናንተ ሰው አይዋሽም ጋሼ፣ ስለዚህ አመንኳት› አለኝ። ሊሄድ ነው፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

ዳቦው ተቆረሰ። ሳህኑ ከፊት ተነሳ። አባቷ ቁራሹን አንስቶ ሲጎርስ አየችው። መንጋጋው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰባት ወር ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር። አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የቀራት። ዝም ካለች አባቷ ወንበሩን አያጣም፣ ሰው ሁሉ በሰላም ቤቱ ይገባል። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገረ ወደሷ መጣ። «የናንተ ሰው አይዋሽም» የሚለው ጆሮዋ ላይ ያቃጭላል። ስላከበራት ነው ያጣችው። ቢንቃት ኖሮ ይመጣ ነበር።

አክስቷ ሳህኑን አቀበለቻት። ያዘችው። አልበላች፣ አላሳለፈች። ሳህኑን እንደያዘች ብድግ አለች።

«ዋሽቻለሁ» አለች።

ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

«ለዚያ ሰው አልወድህም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አባቴ እንዲበላ ብዬ ነው። እወደዋለሁ።»

«ምን አለች?» አሉ ጆሯቸው የከበደ አንድ አዛውንት ከፊት።

«እወደዋለሁ አለች!» ብሎ ጎረቤታቸው አዳራሹ እስኪያስተጋባ ነገራቸው።

ወደ አባቷ ለመመልከት አልደፈረችም። ሰብሳቢው ሽማግሌ «የዋሸሽው ለኛ ነው?» አላት።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለኛ ለምን ትነግሪናለሽ? የዋሸሽውን ሰው ሂጂና ንገሪው። እኛ ሁለት ሰዓት ጠብቀናል፤ ሌላም ብንጠብቅ አንሞትም።»

«አውቶቡሱ በስምንት ሰዓት ነው» አለ ከፊት አንድ ድምፅ። አባቷ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ሰዓቱን ነገራት።

ሳህኑን አክስቷ ጭን ላይ ጥላ ሮጠች። መንገዱ መሃል ደርሳ ነው ጫማዋን አግዳሚው ሥር እንደተወችው ያወቀችው። ለመመለስ ጊዜ የለም። አስፋልቱ ያቃጥላል፣ ጠጠሩ ይወጋል፤ ከውስጧ ያለው ግን ከሁሉም ይብሳል።

* * *

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ቃኚው መሃል ላይ መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎታል። እሷ ተሳፍራ ወደሱ ስትመጣ ሲያይ አልተነሳም። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«አባትሽ ቅድም መጥቷል» አላት። «ታርቀናል። ምን ቀረ?»

«የጻፍኩልህ ውሸት ነው።»

ቦርሳውን ወደ ደረቱ ጠጋ አደረገ።

«ውሸት ነው። እወድሃለሁ። የጻፍኩ ዕለትም እወድህ ነበር።»

«እንዲህ ነዋ» አለ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነው። «ሃያ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ውሸት ነው። አንቺ ታውቂያለሽ? የጓደኞቼን ምክር አልሰማሁም። ‹ሂድና ጠይቃት፣ ሴት ልጅ አልወድህም ብትል ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም ወይ› አሉኝ። እሷ እንደሱ አይደለችም አልኳቸው። ከነቤተሰቧ አይዋሹም አልኳቸው። ተከራከርኩልሽ!»

«አውቃለሁ።»

«አንዴ ዋሽተሻል። አሁን እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?» ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ማይልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሙት በይኝና እወርዳለሁ።»

ከአባቷ ቤት ያባረረው ይኸው ቃል ነበር፤ አሁን ከሷ አፍ ይለምነዋል። ልቧ ምላሷን ገፋው። አንዲት ቃል ናት፤ አገር ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ይላታል።

«አልልህም» አለች።

«ምነው እቴ፣ ማይለት!» አለች ከፊት ወንበር የተቀመጠች ነጋዴ፤ ዘንቢሏን አቅፋ ዞራ ስታዳምጥ ቆይታ ነበር። «ምን ቸገረሽ? ካልቻልሽ እኔ ልማልልሽ!»

«እመቤት፣ ትሳፈሪያለሽ ወይስ ትወርጃለሽ?» አለ ረዳቱ ከበሩ።

«ቆይ አንተ ደግሞ! ጨዋታው መሃል ላይ ነው!» ብላ ነጋዴዋ አንቧረቀችበት።

እሷ ማንንም አልሰማች። «ሞትህን በአፌ አልጠራም» አለችው። «ለጨዋታም፣ ላንተ ስልም አልጠራውም። አንዴ ዋሽቼሃለሁ፣ አለማመን መብትህ ነው። በምን ታምነኛለህ? እኔንጃ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ዋሽቻለሁ፣ እወደዋለሁ ብዬ መጥቻለሁ። አባቴ ገና መብላቱ ነበር። አሁን ያለኝ አዎ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር፤ የለኝም።» ልመናዋን እንደጨረሰች ሰው የያዘችውን የወንበር መደገፊያ ለቀቀችና ዞረች።

«ጫማሽስ?» አላት።

ወደ እግሯ ተመለከተች። አቧራና ደም ተቀላቅሎበታል።

«ረሳሁት።»

ለረጅም ጊዜ እግሯን አየ። ነጋዴዋም አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። ሰውየው ትንፋሹን ሳበ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በተሳፋሪው መሃል ሾልኮ ወረደ። ቁጣው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። እሷም እንዲጠፋ አልጠበቀችም፤ ከነቁጣው አጠገቧ ሲቆም እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

* * *

ሲደርሱ ጉባኤው እንደተቀመጠ ነው። ሳህኑ አክስቷ ጭን ላይ፣ ቁራሾቹ ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምረዋል። እሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ቃኚው በሩ አጠገብ ቆመ፤ ገብቶ የማያውቅበት ቤት ነው፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋበት።

ጋሽ ሚዛን ከፊት ተነሳ። የእግር መታጠቢያውን ሳህን አነሳ፣ ውኃ ቀዳ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣለና በአግዳሚዎቹ መሃል ወደ በሩ መጣ። የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጉልበቱን ከዚያ ሌላውን አስቀምጦ ተንበረከከ።

«ተቀመጥ» አለው።

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጣሪ፣ ይነሱ!»

«ተቀመጥ ልጄ።»

ተቀመጠ። ጋሽ ሚዛን የግራ ጫማውን ፈታለት። የካልሲው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብሏል። ልጁ እግሩን ሊሸሽግ ሞከረ፤ አባቷ ቁርጭምጭሚቱን ያዘው።

«ጣቢያ ላይ ይቅር በለኝ ስልህ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ» አለ ጋሽ ሚዛን፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ልጄ አልወድህም ብላ እንደጻፈችልህ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። አንተ ታዝን ነበር፣ እኔ ደስ አለኝ። ያንን ደስታ ዕርቅ ነው ብዬ ይዤው መጣሁ፣ በሱም በላሁ። የገበያውን ሁሉ ሚዛን ስፈትሽ የራሴን አልፈተሽኩም። ሽምግልናውን ጉባኤው ይየው። አሁን ግን በውነት ይቅር በለኝ።»

ውኃውን በእጁ እየዘገነ እግሩ ላይ አፈሰሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ መነጽሩ ላይ ጠብታ ወረደ።

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ። አባቴ…» አለና ቀጥ አለ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

«አባትህ ምን?» አለ ጋሽ ሚዛን ከሥር ቀና ብሎ።

«አባቴ… ደህና ነው።»

መጀመሪያ የሳቀችው አክስቷ ነች። ከዚያ ጆሯቸው የከበደው አዛውንት «ምን አለ?» አሉ፣ ተነገራቸው፣ እሳቸውም ሳቁ። ጋሽ ሚዛን ከንፈሩን ነክሶ ታገለና አልቻለም፤ የልጁን እግር እንደያዘ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሲያበቃ እግሩን በፎጣ ጠቅልሎ ያዘው።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ አላልኩም ገና» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሺ ጋሼ።»

«ቤቴ ና ግን። ኮት አትዋስ።»

ከዚያ ሳህኑ ጉዞውን ቀጠለ። ማዕድ ቀርቦ ሳለ ውሸቱን የተናዘዘ ሰው ያን ዕለት አይበላም፤ እስከሚቀጥለው ይቆያል። ስለዚህ አክስቷ ቁራሿን አንስታ ሳህኑን በሷ ላይ አሳለፈችው። ልጅቷ ተነስታ በሩ አጠገብ፣ የማይበሉና እንግዶች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ከቃኚው ጎን ተቀመጠች። ሰው ፊት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። በመሃላቸው አንድ ስንዝር ተዉ።

ጉባኤው መዘመር ጀመረ። ቃኚው ግንባሩን ቋጠር አደረገ።

«ምነው?» አለች።

«ከቃናው ዝቅ ብለዋል። ሩብ ድምፅ ያህል።»

«ዝም በል።»

ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር «ገና ተቆጥቻለሁ» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አንቺ መቼ ነው የምትበዪው?»

«ከሦስት ወር በኋላ።»

«እኔስ?»

«አንተ እንግዳ ነህ። ደጁ ላይ ነህ።»

አሰበበት። «እንግዲያው ሦስት ወር እዚህ አግዳሚ ላይ አብሬሽ እቀመጣለሁ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረበትም።

«በውነት ነው?» ብላ ልትጠይቀው አፏን ከፈተችና ተወችው። እግሯ ይጠዘጥዛል፣ ሆዷ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ፊት ለፊቷ የአባቷ ጀርባ ይታያታል፤ ከዛሬ በኋላ በዚያ ወንበር ይቀመጥ አይቀመጥ አታውቅም፣ ማታ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚባባሉም አታውቅም። ይህን ሁሉ ሳታውቅ፣ ጀርባዋን ወደ እንጨቱ አስደገፈች። የትም መሄድ አላሰኛትም።